ላልጠገኑልኝ ጊታርም አመሰግናቸዋለሁ

የተጎዳ ጊታር ጥግ አስቀምጣችሁ «ይጠገን ወይስ ይጣል?» እያላችሁ ለምታመነቱ ነው ይህን የምጽፈው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ክራርና በገና የሚሠሩ አንድ ባለሙያ አሉ፤ ጊታርም ይጠግናሉ። ስማቸውን ልጻፍ ወይ ብላቸው «እኔን ተዪኝ፣ ሥራውን ጻፊ» ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ስልካቸውን ግን ለጠየቀኝ በውስጥ መስመር እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

ይዤላቸው የሄድኩት ሁለት ጊታር ነው። አንዱ የራሴ ያማሃ ኤፍ 310 ነው። ከሐዋሳ ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ጭኖት ነበር፤ ቤት ገብቼ ከጨርቅ ሻንጣው ሳወጣው ጭንቅላቱ ከአንገቱ ተገንጥሎ በክሮቹ ብቻ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛው የታናሽ ወንድሜ ነው፤ ዘመድ ከዱባይ ያመጣለት፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ጥቁር ቀለሙ ግን ፊት የሚያሳይ ጊታር። እሱ አንድም ስብራት የለውም። ወንድሜ የሚያማርረው «ክሩ ከፍ ብሏል፣ ጣቴን ይቆርጠኛል» እያለ ብቻ ነው። ያየ ሁሉ የእኔን አልቅሶ ቀብሮት፣ የእሱን «ትንሽ ነካ ነካ ይበቃዋል» ብሎ ነበር።

ጋሼ ፍርዱን ገለበጡት።

የእኔን ገና ከሻንጣው ሳላወጣው የጠየቁኝ «ኮላ ነክቶታል?» ብለው ነው። አልነካውም ስላቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ለካ ብዙ ሰው ሱፐር ግሉ አፍስሶበት ነው የሚያመጣላቸው። እሱ ደግሞ ወደ እንጨቱ ጭረት ገብቶ ይደርቅና የእንጨት ኮላ እንዳይዝ ያደርገዋል፤ እሱን ፍቆ ማውጣቱ ከጥገናው ይብሳል። ከዚያ ሁለቱን ቁራጭ ያለ ኮላ ገጣጠሟቸው። ስብራቱ በሰያፍ ረዘም ብሎ የሄደ ስለሆነ ስንጣሪዎቹ እንደ ጥርስ ተያያዙ። እንጨቱ ከእንጨቱ ጋር የሚነካካበት ቦታ ሰፊ ከሆነ በደንብ የተጣበቀ ስብራት ከዙሪያው እንጨት የማያንስ ጥንካሬ ይኖረዋል አሉኝ። የሚያስፈራቸው አንገቱን ቀጥ አድርጎ እንደ ካሮት የሚቆርጠው አጭር ስብራት ነው፤ እሱ ኮላ የሚይዝበት ስፋት ስለሌለው ከውስጥ ሌላ እንጨት ማስገባት ይጠይቃል።

ጊታር እዚያ ቦታ ላይ የሚሰበርበትን ምክንያትም አሳዩኝ። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ በጀርባው ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚመታው እሱ ነው። በዚያ ላይ በብዙ ጊታሮች አንገት ውስጥ አልፎ አንገቱን ቀጥ የሚያደርገው ብረት ማስተካከያው እዚያው ስለሚቀመጥ እንጨቱ ተቦርቡሮ ይሳሳል። ስድስቱ የብረት ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ በአንድ ላይ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። ለዚህ ነው ክሩ ሳይላላ የተጫነ ጊታር ትንሽ ምት የሚበቃው። «በገና አሥር አውታር ቢኖረውም አንጀት ነው፤ ይህን ያህል አይጎትትም። ይሄ ብረት ነው» አሉኝ፣ ትንሽ በኩራት።

የወንድሜን ሲያነሱ ግን ዝም አሉ። ማስመሪያ አምጥተው በአንገቱ መሐል ፍሬቶቹ (አንገቱን አቋርጠው የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ላይ አስተኙትና ወደ ብሪጁ፣ ክሮቹ ሆዱ ላይ ወደሚታሰሩበት እንጨት፣ ገፉት። ደህና ጊታር ላይ የማስመሪያው ጫፍ የብሪጁን እንጨት አናት በጥቂቱ ይነካል ወይም ከላዩ ያልፋል። የወንድሜ ላይ ከአናቱ በጣም ወርዶ የብሪጁን ግንባር መታው። አንገቱ በክሩ ጉተታ ወደ ፊት አዘንብሏል ማለት ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ በላይ ያለውን ክፍተት ለኩ፤ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ሆነ። 2 ተኩል አካባቢ ቢሆን ጣት አይቆርጥም። «ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ነጭ አጥንት ሞርደው ክሩን ዝቅ አያደርጉልኝም?» አልኳቸው። አሳዩኝ፤ ከእኛ በፊት የሆነ ሰው ሞርዶት የቀረው የለም።

ቀጠሉ። ስስ ወረቀት ከብሪጁ ኋላ በሥሩ ቢያስገቡ ሰተት ብሎ ገባ፤ ብሪጁ መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። ሆዱ (ቀዳዳ ያለው የፊት ሰሌዳው) ላይ ከብሪጁ በስተኋላ እብጠት አለ። ትንሽ መስታወት በቀዳዳው ከትተው በስልኬ መብራት ውስጡን ሲያዩት ሁለት ደጋፊ ርብራቦች ከሆዱ ለቀዋል። በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ሲያደርጉት የሚንቀጫቀጭ ድምፅ አወጣ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሻይ አዝዘውልኝ ሳይመጣ ነው።

ከዚያ ያሉኝን እስካሁን አልረሳውም፦ «ብሪጁን ለጥፌ ገንዘብሽን ብቀበል ክረምት ሳይወጣ ትረግሚኛለሽ።» ብሪጅ መለጠፍ ለእሳቸው ቀላል ሥራ ነው፤ ችግሩ አንገቱ ነው። ትክክለኛው መድኃኒት አንገቱን ከነመገጣጠሚያው ነቅሎ፣ ተረከዙን ጠርቦ፣ እንደገና በትክክለኛው ማዕዘን መትከል ነው። ውድ ጊታሮች ይህ አንድ ቀን እንደሚመጣባቸው ታስቦ በእንፋሎት እንዲላቀቁ ሆነው ይገጠማሉ፤ የወንድሜ ዓይነቱ ግን በማይለቅ ማጣበቂያ የታሸገ ነው። ሲነቅሉት ሆዱን ሊገነጥሉት ይችላሉ፣ ቢሳካላቸውም ዋጋው አዲስ ጊታር ይገዛል፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ የሚገኘው ያው ርካሽ ጊታር ነው።

ቅር እያለኝ «የማስታወሻ ዕቃ ቢሆንስ?» አልኳቸው። «እሱ ሌላ ነው። የአባት ጊታር ከሆነ ዋጋ አትጠይቂኝ፣ ጊዜ ስጪኝ» አሉ። የወንድሜ ግን ማስታወሻም አይደለም፤ ያመጣለት ዘመድ ራሱ አያስታውሰውም።

አስቡት፣ እኔ የመጣሁት ልከፍል ነው። ብሪጁን ለጥፈው፣ ክር ቀይረው፣ ቢያወለውሉት ደስ ብሎን ይዘን እንሄድ ነበር። ብዙ ቦታ የሚደረገውም እሱ ነው።

የእኔን ጠገኑት። ኮላውን በቀጭን ብሩሽ ወደ እያንዳንዱ ስንጣሪ አስገብተው፣ የተረፈውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ በጣውላ ቁራጭ አስደግፈው በሞርሳ አጥብቀው አሳደሩት። ከሞርሳው ከወጣ በኋላም ክር ሳይነካው አቆዩት፤ ክሩ ሲገባም ቀስ በቀስ እየተወጠረ ነው። ከወንድሜ ጊታር መቃኛዎቹን ፈተው፣ ቀዳዳው ልክ ስለገጠመ፣ በተሰበረበት ቀን በተጣመሙት የእኔ ቦታ ተከሉልኝ። የከፈልኩት አዲስ ያማሃ ከሚያወጣው ሩቡን አይሞላም። ይኸው አሁን በየቀኑ እጫወትበታለሁ፤ ቅኝቱን ይይዛል።

እንከኑንም ልናገር። የስብራቱ መስመር ይታያል፤ አውራ ጣትም ያገኘዋል። ቀለም መርጨት ከፈለግሽ ከጥገናው በላይ ያስወጣሻል ብለው ነግረውኛል፣ እኔም አልፈለግኩም። ጠባሳ የማይወድ ሰው ሌላ ይፈልግ። ደግሞ የጋሼ «ነገ» ነገ ማለት አይደለም። ሑዳዴ ሲቃረብ የበገና ሥራ ስለሚበዛባቸው በዚያ ሰሞን ጊታር ይዛችሁ ብትሄዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃል።

የአዲስ አበባ በጋ ለጊታር ክፉ ነው ይላሉ። የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን እንጨቱ ይመቸዋል፤ በበጋ ከዚያ በጣም ሲወርድ ሆዱ ይሸበሸብና በጭረቱ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ይዞ የመጣ ሰው አይደንግጥ፤ በኮላ ሞልተው ከውስጥ በትንንሽ የእንጨት ቁራጭ ይደግፉታል፣ ደህና ያገለግላል። እኔ የሳሙና ማስቀመጫ በስቼ ውስጡ እርጥብ ስፖንጅ አድርጌ ሻንጣው ውስጥ አኖራለሁ።

ስትሄዱ ክሩን አላልታችሁ፣ የተሰበረውን ስንጣሪ አንድም ሳታስቀሩ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ የክብሪት እንጨት የምታህለውንም ይፈልጓታል። ኤሌክትሪክ ጊታር ከሆነ የሚሠሩት የእንጨቱን ብቻ ነው፣ ኪቦርድ አይነኩም። ስልካቸውን የምትፈልጉ «ጊታር» ብላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ማታ ማታ እመልሳለሁ።