ጆሮ ሥር የማይቆረቁር የቆዳ ልጓም

ፈረስ ያላችሁ ይሄን ልጓም እዩት፣ እኔ በጣም ነው የወደድኩት። ከጆሮ ጀርባ የሚያልፈው ጠፍር ሰፊ ነው፣ ውስጡ ስፖንጅ አለው፣ ደግሞ ጆሮው ጋ ጎድጎድ ተደርጎ ስለተቆረጠ የጆሮውን ሥር አይጫነውም፤ ፈረሴ በፊት ልጓም ሲያይ አንገቱን ሽቅብ ይሰቅል ነበር አሁን ራሱ ዝቅ ያደርግልኛል። ቆዳውም ለስላሳ ነው።

ግን ልኩ ካልሆነ ምንም ጥሩ ቢሆን አይመችም። የአፍንጫው ማሰሪያ ከጉንጭ አጥንቱ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይበል፣ ስታጠብቁት ደግሞ ከፊት በኩል አጥንቱ ላይ ሁለት ጣት መግባት አለበት፣ በጎን ለክታችሁ እንዳትሸወዱ እዛ ጋ ቢጠብቅም ክፍት ይመስላል። የጉሮሮው ማሰሪያ ጭብጥ እጅ ያሳልፍ። የአፉ ብረት በግራና በቀኝ ግማሽ ሳንቲሜትር ገደማ ከከንፈሩ ቢወጣ በቂ ነው።

ቅር ያለኝ ቀዳዳዎቹ መራራቃቸው ነው፣ በአንዱ ሲጠብቅ በሌላው ይላላል፣ መሀል ላይ ተጨማሪ በስቼ ነው ያስተካከልኩት። የግንባሩ ጠፍር አጭር ከሆነ ደግሞ ከጆሮ ጀርባ የሚያልፈውን ጠፍር ወደ ጆሮ ይጎትተዋል፣ ስለዚህ ሳትገዙ በፊት ግንባሩን ለኩት።