ሁለት ኮከብ ተኩል፦ አባይ ማዶ የገዛሁት ባለ ሁለት መኝታ

የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ካርታዬ ገና እነሱ እጅ ነው።

ጣና ላይ ጀልባ እነዳለሁ። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ክብራን ገብርኤል እንግዳ ሳመላልስ 19 ዓመት ሆነኝ፤ ቤቱንም የገዛሁት ከዚያው ባጠራቀምኩት ነው። ጥር 2013 ስፈርም ብሮሸራቸው ላይ ከበረንዳው ሐይቁ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። አሁን ከበረንዳዬ የሚታየኝ የጎረቤት ሮቶ ነው። ያው ውኃ ነው።

የሽያጭ ሠራተኛዋ ጨዋ ልጅ ናት። ቡና አስመጥታልኝ "ጋሼ፣ እዚሁ ቢሮ ይፈርሙና ይገላገሉ፣ ውልና ማስረጃ ወረፋው አያልቅም" አለችኝ። ሕግ የተማረችው የእህቴ ልጅ አብራኝ ባትኖር ፈርሜ እሄድ ነበር። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ነው ብላ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ላይ አቆመችኝ። የዚያን ቀን ዘጌ የሚሄዱ 12 እንግዶች አመለጡኝ፤ እስክንመለስ ድረስ አኩርፌያት ነበር።

ውሉ ቤቱን በ36 ወር፣ ማለትም ጥር 2016 አስረክባለሁ ይላል። ካልሆነ ለዘገየው ለእያንዳንዱ ወር 8,000 ብር መቀጫ። 380 ሜትሩ አዲሱ የአባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ሲመረቅ የእኛ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ነበር። የእኔ ቤት አራተኛ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ደብዳቤ መጣ፦ ሲሚንቶና ብረት ስለተወደደ 620,000 ብር ይጨምሩ፣ ነገሩ ከአቅማችን በላይ ነው። እውነት ለመናገር ልከፍል ነበር። የእህቴ ልጅ ግን ሕጉን አውጥታ አንቀጽ 1794ን አነበበችልኝ። ውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ በቀር የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር ከአቅም በላይ ተብሎ አይቆጠርም። ውሉን ገጽ በገጽ አገላበጥነው፤ እንዲህ የሚል ነገር የለበትም። በአንድ ገጽ መለስንላቸው። ስለዚያ 620,000 ብር ከዚያ ወዲህ ያነሳብኝ የለም።

ስለ መዘግየቱም በአንቀጽ 1772 መሠረት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍንና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመታን። ያለ ማስጠንቀቂያ ብከስ ኖሮ "መቼ ጠየቀን?" ሊሉ ይችሉ ነበር። እነሱ መንገድ ተዘግቶ ዕቃ አልገባም አሉ። ይህን አልክድም፤ መንገድ ሲዘጋ የእኔም ጀልባ ታስራ ከርማለች። በሽማግሌ ተነጋገርንና ነሐሴ 2017 ቁልፍ ሲሰጡኝ፣ ከ19 ወሩ መዘግየት የ11 ወር መቀጫ፣ 88,000 ብር፣ ከመጨረሻው ክፍያዬ ተቀነሰልኝ።

በካሬው ግን ተሸነፍኩ። 85 ካሬ ብዬ ነው የገዛሁት። በጀልባ ገመድ ብለካው፣ ኋላም በሜትር ብለካው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 69 ነው። ውሉ "ጠቅላላ ስፋት" ስለሚል የደረጃውና የኮሪደሩ ድርሻ ገብቶበታል። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ሕንዳዊ ናቸው፣ ዘጌ ሳደርሳቸው ይህንኑ ባጫውታቸው ሳቁ። በእነሱ አገር በፈረንጆች 2016 በወጣው ሕግ አልሚው የውስጡን ስፋት ለይቶ የመናገር ግዴታ አለበት አሉኝ። ከገዢ ከሚሰበሰበው ገንዘብ 70 በመቶውም ለብቻው ባንክ ይቀመጥና ግንባታው በሄደ መጠን ብቻ ይወጣል። ጀልባዋን እየነዳሁ የኔ ብር የትኛው ሳይት ሲሚንቶ ሆኖ ይሆን እያልኩ ነበር። እኛም አገር በ2017 የሪል እስቴት አዋጅ ወጥቷል፤ የእኔ ውል ግን ቀድሞ የተፈረመ ነው፣ የተሟገትኩትም በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

ቤቱ ራሱ አይከፋም። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ የመኝታ ቤቱ በር የማይንቋቋ፣ ሳይት ኢንጂነሩም ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው። በገባን በሦስተኛው ሳምንት መታጠቢያ ቤታችን ታች ያሉት ጎረቤት ማዕድ ቤት ላይ ማንጠብጠብ ጀመረ። ሠሪው ለሥራው ጥንካሬ አሥር ዓመት ዋስ ነው የሚለውን አንቀጽ 3039 ጠቅሼ ደወልኩ። በአራት ቀን ሰድሩን አንስተው አስተካከሉት። ለዚህ አንድ ሙሉ ኮከብ ሰጥቻለሁ። ሊፍቱ የለም፤ ጉድጓዱ አለ። ጀኔሬተሩን አትጠይቁኝ።

የቀረው ካርታው ነው። ስሜ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር ድረስ ቤቱ በሕግ የእኔ አልሆነም፤ ቁልፍ ይዞ መኖርና ባለቤትነት ለካ ይለያያሉ። "በሚቀጥለው ሳምንት" ካሉኝ አራት ወር አልፏል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ታትሞ ጀልባዬ ውስጥ ከላይፍ ጃኬቶቹ ጋር ተቀምጧል። ሰኞ ዘጌ አልሄድም።