48 ቢት ብለው 256 ቀለም ሸጡልኝ

ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ቃሌ ከከረረ ይቅርታ አድርጉልኝ። አሮጌ ፎቶ ወይም ኔጋቲቭ (ፎቶ የሚታጠብበትን ፊልም) ስካን ለማስደረግ ያሰባችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እነዚህን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። መስኮታቸው ላይ ግማሹ የደበዘዘ ግማሹ የፈካ ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላሉ፣ ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ ያራዝማሉ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ገባሁ። ይዤ የሄድሁት የእናቴ 41 ፎቶዎች ያሉባቸውን ኔጋቲቮች ነበር። የታተሙት ከጠፉ ቆይተዋል፤ ኔጋቲቮቹንም ሻጋታ ጀምሯቸው ስለነበር ቸኮልሁ። ደረሰኙ ላይ «ቲፍ፣ 48 ቢት» ተብሎ በእጅ ተጽፎልኛል። ቲፍ የምስል ፋይል ዓይነት ነው፤ 48 ቢት (ቢት የኮምፒውተር መረጃ ትንሹ መለኪያ ነው) ደግሞ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለእያንዳንዳቸው 16 ቢት፣ ማለትም ከጨለማው እስከ ደማቁ 65,536 እርከን ማለት ነው። ለደበዘዘ ፊልም ይህ ቅንጦት አይደለም። የሸሸውን ቀለም በኋላ አርሞ ለመመለስ የሚያስችለው ይኸው የእርከኑ ብዛት ነው።

ምስሎቹን ጭነው የሰጡኝን ፍላሽ ቤት ወስጄ መጀመሪያ የከፈትሁት እናቴ አመሻሽ ላይ ሰገነት ላይ ቆማ የተነሣችውን ነው። ከኋላዋ ያለው ሰማይ ከሰማያዊ ወደ ብርቱካናማ ቀስ እያለ መፍሰስ ሲገባው እንደ ደረጃ ተቆራርጧል፤ ጭረቶቹን በጣት መቁጠር ይቻላል። ጉንጯ ላይ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የቀይ ሻርፗ እጥፋት ጠፍቶ አንድ ወጥ ቀይ ሆኗል። የፋይሉን ዓይነት ተመለከትሁ፤ ጂፍ። ቀጣዩም ጂፍ፣ አርባ አንዱም ጂፍ።

ጂፍ የተባለው የፋይል ዓይነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ የቀለም ሠንጠረዡ የሚይዘው ቢበዛ 256 ቀለም ነው። ለዓርማና ለአጫጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ይበቃል። ለፎቶ ግን 256ቱን መላው ምስል ይሻማቸዋል። ሰማዩ ሰፊ ስለሆነ አብዛኛውን ወሰደ፤ ለእናቴ ፊት የደረሰው ፍርፋሪ ነው። የጎደለውን ፕሮግራሙ ያሉትን ቀለሞች በነጠብጣብ እያቀላቀለ ያስመስላል፤ ያ አሸዋ የመጣው ከዚያ ነው። በየቦታው የምናገኘው የፎቶ ፋይል፣ ተራ ጄፔግ እንኳ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም መያዝ ይችላል!

ዛሬ ተመልሼ ሄድሁ። ገንዘቤን የተቀበለኝ ወጣት በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ፣ ጌታዬ» ሲለኝ ነበር። ዛሬ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «ምን ሆንህ?» አለኝ። ደረሰኙን አሳየሁት።

«ቲፍ ነው የፈለግኸው? ይኸው ቲፍ!»

ፍላሹን ከእጄ ወስዶ ሰካው። ከዚያ የሆነውን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ስካነሩን አልነካም። ያንኑ የተበላሸ ጂፍ ከፈተ፤ የቀለሙን ዓይነት ቀየረ፣ 16 ቢት የሚለውን መረጠ፣ ቲፍ ብሎ አስቀመጠው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና በጣቱ እየጠቆመ «ተመልከት፣ 48 ቢት ይላል። 36 ሜጋባይት ሆኗል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። ዓይኔ እያየ! አንድ ስኒ ውሃ በርሜል ውስጥ ገልብጦ «በርሜል ሙሉ ውሃ ሸጥሁልህ» እንደ ማለት ነው። ዕቃው ሰፋ እንጂ ውሃው ያው ስኒ ነው። የተጣለ ቀለም የፋይሉ ስም ስለተለወጠ አይመለስም።

«ከኔጋቲቩ እንደገና ስካን አድርጉልኝ» አልሁት።

«ኔጋቲቩ ተወግዷል፤ ፈርመሃል» አለ። አጠገቡ ወደ ተቀመጠው ባልደረባው ዞሮም «ሰው ሁሉ በስልኩ ነው የሚያየው፤ ልዩነቱን ማን ያውቀዋል?» ብሎ ሳቀ።

እውነት ነው፣ ፈርሜያለሁ። የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። ቅጹ ላይ «ከስካን በኋላ ይወገድ» የሚል ትንሽ ሣጥን አለ። ሻጋታው ወደ ሌሎች ደንበኞች ፊልም ይዛመታል ብሎ እሱ ራሱ ምልክት አደረገበት፤ እኔም አንድ ምስል እንኳ ሳላይ ፊርማዬን አኖርሁ። እናቴ ያን ፊልም ስንት ዓመት በሣጥኗ ጠብቃ ያቆየችው እኔ በአንድ ፊርማ እንድጥለው አልነበረም።

ቤት ስደርስ በአንድ ምስል ውስጥ ስንት የተለያየ ቀለም እንዳለ በሚቆጥረው ኢርፋንቪው በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሁለቱንም ፋይሎች ፈተሽሁ። ጂፉ 256። «48 ቢት» የተባለው ቲፍም 256።

እናንተ መጀመሪያ አንድ ፎቶ ብቻ አሠርታችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር እዩት። የፋይሉን ስምና ክብደት አትመኑ፤ የቀለሙን ብዛት አስቆጥሩ፣ ሰማይና ጉንጭ ላይ አጉልታችሁ ተመልከቱ። ፒኤንጂ የሚባለውን የምስል ፋይል ቢሰጧችሁም እንደዚያው፤ እሱም በ256 ቀለም ሊቀመጥ ይችላል። ኔጋቲቩን ሥራውን አይታችሁ እስክትረኩ ድረስ እንዲወገድ አትፈርሙ።

ስወጣ የጽዳት ሠራተኛዋ በር ላይ አግኝታኝ የሚወገደው ዕቃ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን እንደሆነና የዚህ ሳምንቱ ገና እንዳልወጣ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ነገ ሱቁ ሳይከፈት በሩ ላይ ነኝ።