ኦክላንድ ያላችሁ ወላጆች፣ እኚህን ሰው ሳታውቋቸው እንዳትቀሩ

ይህን ጽሁፍ ልጽፍ ካሰብኩ ወር አለፈኝ። ልጆች ተኝተው፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ስልኬን ሳነሳ እንቅልፍ ይቀድመኛል። ዛሬ ግን ሳላመሰግን አላድርም።

እዚህ ኦክላንድ ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የማኦሪዎቹን (የኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ ናቸው) የጥንት የባሕር ጉዞና የከዋክብት ዕውቀት የሚያስተምሩ አንድ ማኦሪ አዛውንት አሉ። ስሜ ፌስቡክ ላይ እንዳይወጣ ስላሉኝ አልጠራቸውም። ልጆቹ «ማቱዋ» ይሏቸዋል። አባት ማለት ነው፤ ለመምህርም ለትልቅ ሰውም ይሆናል። እኔ ግን ጋሼ ነው የምላቸው፤ አሁን እሳቸውም ለምደውታል።

ጋሼ ጋ ከመድረሴ በፊት ሁለት ቦታ ተቃጥያለሁ። አንዱ ትኬት ቆርጠን የገባንበት የከዋክብት ትርኢት ነው። ማስታወቂያው «ለመላው ቤተሰብ» ይላል። ትንሹ ልጄ 4 ዓመቱ ነው፤ ጨለማው ውስጥ «ጨረቃዋስ የት ሄደች?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቀው። አንዷ ባትሪ ይዛ መጥታ ፊታችን ላይ አበራችና «ወይ ዝም አሰኚው ወይ ይዘሽው ውጪ» አለችኝ። ወጣሁ። ሌላው «የማኦሪ ባሕል» ተብሎ የተሸጠልን የጀልባ ሽርሽር ነው። አስጎብኚው ከወረቀት እያነበበ ቆየ፤ ገጹ ሲጠፋበት ዘሎት አለፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ፎቶ ሽያጭ ነው። ትልቋ ልጄ አጥወልውሏት ስታስታውክ ሶፍት ያቀበለን ሰው የለም። ጭራሽ የጽዳት ክፈዪ ሲሉኝ እንባዬ መጣ። ኢሜይል ጻፍኩላቸው፤ መልሱን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው። ስማቸውን ግን አልጠራም፤ እነሱም እንጀራቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ጀልባ ሲባል እግሬ ላይ ትጠመጠማለች። አልፈርድባትም። እኛ ደገኞች ነን፤ እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ ውሃ የማውቀው በጀሪካን ነው።

ጋሼን የጠቆመችኝ ልጆቻችን አብረው የሚውሉ አንዲት እናት ናት። «ስንት ነው?» አልኳት። «ኮሃ ነው» አለችኝ፤ እንደየአቅም የሚሰጥ ስጦታ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር በነፃ የሚመስል ነገር እኔን ያስጠረጥረኛል። ሄድኩ ግን።

የመጀመሪያ ቀን ውሃ አጠገብ እንኳን አልደረስንም። ሣር ላይ ድንጋይ በክብ ደርድረው ልጆቹን መሃል አስቀመጧቸው። ድንጋዮቹ 32 ናቸው፤ ቤት ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ኮከብ የሚወጣበትና የሚገባበት ቤት አለው። መሃል የተቀመጠው ልጅ ታንኳው ነው። ታንኳው አይንቀሳቀስም፤ ደሴቲቱ ናት ወደ እሱ የምትመጣው። እንዴት እንደሚሠራ እኔን እንዳትጠይቁኝ፤ እስከዛሬ አልገባኝም። ልጆቹ ግን በአንድ ከሰዓት ገብቷቸው ቤት መጥተው ድንጋዩን በጫማ ደረደሩት።

ታንኳው ላይ የወጣነው በሦስተኛው ሳምንት ነው። «ዋካ ሆውሩዋ» ይሉታል፤ ሁለት ረጃጅም ታንኳዎች ጎን ለጎን ሆነው በላያቸው በተዘረጋ ወለል የተያያዙ ናቸው። ልጄ ገና ገመዱ ሲፈታ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ደግሞ የጽዳቱ ሂሳብ ትዝ አለኝ። ጋሼ ምንም አላሉም። በዚያ ዕድሜያቸው ወለሉ ላይ አጠገቧ በጀርባቸው ተንጋለሉ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። ማዕበሉ ከየት ነው የሚመጣው?»

እያለቀሰች «ከእግሬ» አለች። ታንኳዋን የያዙት ልጆች ቀስ ብለው አዞሯት።

«አሁንስ?»

ትንሽ ዝም አለች። «በቀኝ እጄ በኩል።»

«እኔም በቀኜ ነው የመጣው። እንግዲህ ከዋክብቱ በደመና ቢሸፈኑ አንቺ አለሽልን።»

ለቅሶው በዚያው ቀረ። ስንመለስ አልወርድም ብላ ሌላ ለቅሶ ሆነ።

ለካ ማባበያ ብቻ አልነበረም። የድሮዎቹ የታንኳ መሪዎች ደመና ሲሆን እንዲሁ ተጋድመው በጀርባቸው ነው አቅጣጫ የሚያውቁት። ማው ፒያይሉግ የሚባል የማይክሮኔዥያ ሰው ገና ሕፃን ሳለ አያቱ የውሃውን ስበት እንዲለምድ ባሕር ዳር ኩሬ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። ያ ሕፃን አድጎ በፈረንጆቹ 1976 ከሃዋይ እስከ ታሂቲ ያለ ኮምፓስ ታንኳ መርቶ ደረሰ። እዚሁ ኒው ዚላንድ ደግሞ ሄክ በዝቢ የሚባሉ ማኦሪ ከሁለት የካውሪ ዛፎች «ቴ አውሬሬ» የተባለችውን ታንኳ ሠርተው በ1992 እስከ ራሮቶንጋ ደሴት ተጉዘውባታል። ልጄ ስለ ማው ስታወራ ብትሰሟት አጎቷ ነው የሚመስላችሁ።

አሁን ወደ ማታሪኪው ልምጣ። ማታሪኪ በሰኔ ወይም በሐምሌ ንጋት ላይ የሚወጡ፣ አንድ ላይ የተሰበሰቡ ከዋክብት ናቸው። ሲታዩ የማኦሪ አዲስ ዓመት ነው፤ ከ2022 ጀምሮ በአገር ደረጃ ይከበራል። (ትንሹ «ማታ» ሲሰማ ማታ የሚወጣ መስሎት ነበር። በነሱ «ማታ» ዓይን ነው።) ከሌሊቱ 11 ሰዓት በብርድ ሰብስበውን ቆመናል። ይሄ ልጅ አሁንም «ጨረቃዋስ?» አይል መሰላችሁ! ደነገጥኩ። ጋሼ ግን አንስተው ትከሻቸው ላይ አስቀመጡትና ግማሽ ጨረቃዋን አሳዩት። «የበዓሉን ቀን የምትነግረን እሷ ናት» አሉት። እንደኛ ፋሲካ ቀኑ በጨረቃ ይለዋወጣል።

ከከዋክብቱ አንዷ ፖሁቱካዋ ትባላለች፤ በዓመቱ ውስጥ ላረፉት ናት። ማታሪኪ ስትወጣ የሙታኑ ስም ይጠራል። አባቴ ያረፈው በሚያዝያ ነው። መሄድ አልቻልኩም፤ ለቅሶ የተቀመጥኩት በስልክ ነው። ለጋሼ የነገረቻቸው ልጄ ናት። ከሳምንት በፊት ለብቻ ጠሩኝና «ፈቃድሽ ከሆነ የአባትሽን ስም እንጠራለን» አሉኝ። ከዚያ ስሙን ደጋግመው አስባሉኝ። «ጸ»ዋ አልወጣ ብላቸው ታገሉ። እዚህ አገር የእኔን ስም አስተካክሎ የሚጠራ በጣት ይቆጠራል፤ እሳቸው የማያውቁትን ሰው ስም እንዳያበላሹ መኪና ማቆሚያ ቆመው ይለማመዳሉ።

በዚያ ንጋት አባዬን እስከነአባቱ ጠሩት። «ጸ»ዋ ልክ ነበረች። ድስቱ ተከፈተ፤ ስኳር ድንች፣ ዶሮ፣ ከወንዝና ከባሕር የወጣ ዓሣ አለበት። እንፋሎቱ ለከዋክብቱ ነው ይላሉ። አንዳንዶቻችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ በራሴ ጸሎት አማትቤ ነው የቆምኩት፤ ሌላ ያለኝም የለም። ግን በሚያዝያ ያልወጣልኝ ለቅሶ የዚያን ዕለት ወጣልኝ።

እዚያው ቆሜ ለእማዬ ደወልኩ። አገር ቤት ገና የዋዜማው ምሽት 2 ሰዓት ነው። «ልጆቹን ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ወሰድሻቸው?» ብላ ጮኸች። «እማ፣ እኚህ የሚቆጥሩት ለመንገድ ነው» አልኳት። ልጄ ስልኩን ነጥቃ ስለ ዘጠኙ የማታሪኪ ከዋክብት ታስረዳት ጀመር። እማ ወዲያው «ሰባት ናቸው! ኢዮብ ላይ ተጽፏል» አለቻት። ልጄ ክርክሩን ለጋሼ አቀረበች። ሳቁና «ከእኛም ሰባት የሚሉ አሉ። አያትሽ እውነቷን ነው» አሏት። እማ ይህ ሲተረጎምላት ኮከባቸው ገጠመ፤ አሁን በደወለች ቁጥር «እኚያ ሰውዬ እንዴት ናቸው?» ትለኛለች።

እባካችሁ ልጆቻችሁን ውሰዱ። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበር አትፈሩ፤ ልጅ ቢያለቅስ፣ ቢጠይቅ፣ ቢያስታውክ የሚቆጣ የለም። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ጃኬት ደርቡ፣ ለልጆች ቅያሪ ካልሲ ያዙ። ኮሃ ምን እንስጥ ለምትሉ፣ እኔ ከፖስታው ጋር ድፎ ዳቦ ይዤ ሄጄ ነበር። ጋሼ ግማሹን እዚያው ጨረሱና ቀሪውን ለሚስቴ ብለው በፎጣ ጠቀለሉት። ፎጣዬ እስካሁን እሳቸው ጋ ነው።