አፕት-ካቸር-ኤንጂ በዶከር፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት

ደብረ ብርሃን፣ ባለ 20 ኮምፒውተር የማሠልጠኛ ክፍል፤ ሁሉም ኡቡንቱ። አፕት-ካቸር-ኤንጂ ሰርቨር ላይ ሆኖ የወረዱ የኡቡንቱ ፓኬጆችን የሚያጠራቅም ፕሮግራም ነው፤ ዶከር ደግሞ ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተነጠለ ሣጥን ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ። አንዱ ያወረደውን ፓኬጅ ሰርቨሩ ዲስኩ ላይ ያስቀርና ለቀሩት ያድላል። አንድ ዙር ማሻሻያ 300 ሜጋባይት ቢሆን፣ ለሃያው 6 ጊጋባይት ማውረድ ቀርቶ ያችው 300 ትበቃለች። በዚህ በኩል እንከን አልወጣለትም።

አተካከሉ አጭር ነው። ፖርት 3142 ይከፈታል፣ ካሹ (የተጠራቀመው ፓኬጅ) በዶከር ቮልዩም፣ ማለትም ከኮንቴይነሩ ውጭ ባለ ማስቀመጫ፣ ይታሰራል፣ የተማሪ ኮምፒውተሮቹ የአፕት (የኡቡንቱ ፓኬጅ ጫኝ) ፕሮክሲ ላይ የሰርቨሩ አይፒ ከ3142 ጋር ይጻፋል። ቮልዩሙ ከተረሳ ኮንቴይነሩ በአዲስ በተተካ ቁጥር የተጠራቀመው ሁሉ ይጠፋል።

ራስ ምታቱ የሚመጣው ከኮንቴይነሩ ነው። ፕሮግራሙ በቀጥታ ኡቡንቱ ላይ ሲጫን ያረጀውን ፋይል በየቀኑ የሚጠርግለት ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳ) አለ። ኮንቴይነር ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክሮን አይነሳም። ስለዚህ «ኤክስትሬሾልድ» የሚባለው ያረጀ ፋይል የሚጠረግበት የ4 ቀን ገደብ ተጽፎ ይቀመጣል እንጂ የሚፈጽመው የለም፤ ዲስኩ ድምፅ ሳያሰማ ይሞላል። መፍትሔው የሰርቨሩ ክሮን በ«ዶከር ኤግዜክ» (ኮንቴይነር ውስጥ ትእዛዝ በሚያስፈጽመው) ገብቶ ጽዳቱን እንዲያስነሳ ማድረግ ነው፤ አለዚያ በወር አንዴ የፕሮግራሙን የሪፖርት ገጽ በብራውዘር ከፍቶ ጽዳቱን በእጅ ማስጀመር። «ዶከር ሎግስ» (ዶከር የሚያሳየው የኮንቴይነሩ መዝገብ) ባዶ ቢሆንም ጤነኛ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ስህተቱ የሚጻፈው ኮንቴይነሩ ውስጥ ባለው የራሱ የሎግ ፋይል ላይ ሊሆን ይችላል።

ብርዱ ለሰርቨር ደግ ነው፤ መብራቱ ግን አይደለም። በማውረድ መሃል ሲጠፋ «ሃሽ ሰም ሚስማች» የሚል ስህተት ይከተላል፤ በግማሽ የቀረ ወይም እርስ በርሱ የማይገጥም የዝርዝር ፋይል ካሹ ውስጥ ስለሚቀር ነው። የተበላሸውን ከሪፖርቱ ገጽ አጥፍቶ፣ በተማሪው ኮምፒውተርም የአፕትን ዝርዝር ሰርዞ እንደገና «አፕት አፕዴት» ማለት ነው። ያረጀ ሰርቨር ከሆነ ሌላም አለ፦ የማዘርቦርዱ ሲአር 2032 ባትሪ ካለቀ መብራት ሲመለስ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ኮንቴይነሩም የሚያየው ያንኑ ሰዓት ነው። ይህ በኮምፒውተሮቹም ላይ ሲደርስ አፕት «ሪሊስ ፋይሉ ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሳል። ሰው ካሹን ሲያጸዳ ይውላል፤ ጥፋቱ ግን የባትሪው ነው።

ኮንቴይነሩ በራሱ እንዲነሳ በሚያዝዘው የዶከር ቅንብር፣ «ሪስታርት» ላይ፣ «ኦልዌይስ» ይሻላል። «አንለስ-ስቶፕድ» በእጅ የቆመውን መብራት ሲመለስም እንደቆመ ይተወዋል።

ፕሮግራሙ ቅንብሩ ካልተነካ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) የሚሠሩ የፓኬጅ ማከማቻዎችን ካሽ አያደርግም፤ 403 (ክልክል ነው) ብሎ ይዘጋል። የዶከር የራሱ ማከማቻ ከእነዚሁ መሆኑ ያስቃል። አፕት የተለየ ካልተነገረው ለኤችቲቲፒኤስም ያንኑ ፕሮክሲ ስለሚጠቀም፣ በተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ የኤችቲቲፒኤስ ፕሮክሲውን «ዳይሬክት» (ያለ ፕሮክሲ በቀጥታ) ማድረግ ይበቃል። ወደ ቤት የሚወሰድ ላፕቶፕ ላይ አድራሻውን በቋሚነት አይጻፉት፤ «አውቶ-አፕት-ፕሮክሲ» የተባለውን ፓኬጅ ይጫኑለት፤ ሰርቨሩን ሲያጣ በቀጥታ ያወርዳል።