74110፣ አባቡና ወይስ ወፍ ዘራሽ? ጅማ ላይ የሚሸጡ የቡና ችግኞች ሲመዘኑ

ክረምቱ ሲቃረብ በጅማ ዙሪያ ባሉ ችግኝ ጣቢያዎች ዳስ ሥር ተደርድሮ ገዢ የሚጠብቀው የቡና ችግኝ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በቁጥር የሚጠራው ምርጥ ዘር ነው፤ 74110፣ 74112፣ 74158፣ 74165 እየተባለ። ሁለተኛው አባቡና የሚባለው ዲቃላ ነው። ሦስተኛው ከጫካ ወይም ከአሮጌ ቡና ሥር ተነቅሎ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ወፍ ዘራሽ ነው። ሻጩ ሦስቱንም «ምርጥ ነው» ብሎ ያቀርባል፤ በችግኝነታቸው ከሩቅ ላያቸው ሰውም ሦስቱ ያው ናቸው። ልዩነቱ የሚወጣው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት፣ ማፍራት ሲጀምሩ ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡም ጉልበቱም መሬቱም ሄዷል።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። በ74 የሚጀምሩትን ግዙ፣ ግን አንዱን ብቻ አትግዙ። አባቡናን የምትገዙት ችግኙ እንዴት እንደተባዛ በግልጽ የሚያስረዳ ሰው ካገኛችሁ ብቻ ነው። ወፍ ዘራሹን ግን ባለበት ተዉት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ቁጥሩ የፋብሪካ ኮድ ይመስላል እንጂ ትርጉሙ ቀላል ነው። 74 ማለት እ.ኤ.አ. 1974 ነው፤ የቀረው የእናት ዛፏ ተራ ቁጥር ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1971፣ የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። እሸቱን ገና አረንጓዴ ሳለ አጥቁሮ የሚያረግፍ ሻጋታ ነው፤ ደጋማና ዝናባማ ቦታ ላይ ሲበረታ ምርቱን ጠራርጎ ይወስዳል። ተመራማሪዎቹ ያኔ አዲስ ቡና አልፈጠሩም። በሽታው የገባበት ማሳና ጫካ ውስጥ ዞረው፣ ጎረቤቶቿ ጠቁረው ሲረግፉ ፍሬዋን ይዛ የቆመችውን ዛፍ ፈለጉ፤ ዘሯንም ወስደው ሻጋታውን ሆን ብለው እያስነኩ ፈተኑ። 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74148፣ 74158 እና 74165 በዚህ መንገድ ኢሉባቦር ውስጥ መቱ አካባቢ ካለው ቢሻሪ የተገኙ ናቸው። ከጅማ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መልኮ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለገበሬው ለቀቃቸው። በቋሚ ተክል ላይ እንዲህ ያለ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ይሄኛው አምስት ዓመት ገደማ ነው የወሰደው። የቻለውም ጫካው ውስጥ የሚመረጥ ነገር ስለነበረ ነው።

ለገዢው የሚጠቅመው ሌላው ነገር የአረቢካ ቡና ጠባይ ነው። ከአሥር አበባ ዘጠኙ ያህል በራሱ ብናኝ ስለሚጸንስ ከ74110 የተለቀመ ዘር ብዙውን ጊዜ 74110ን ይመልሳል። ስለዚህ ችግኙ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይባዛል፣ ገበሬውም ከራሱ ማሳ ዘር ሊያስቀር ይችላል። አንዱ አሥረኛ ግን ከጎረቤት በንብ የሚመጣ ነው። ዘሩ የተለቀመው ልዩ ልዩ ቡና ተቀላቅሎ ከቆመበት ማሳ ከሆነ በየትውልዱ ዘሩ እየተበረዘ ይሄዳል። ሻጩን «ዘሩ ከየት ነው?» ስትሉት «ከመልኮ» ብሎ ካለፈ አትርኩ። ከማዕከሉ በቀጥታ ነው፣ ወይስ ከመልኮ መጥቶ የነበረ ቡና ካለው ገበሬ ጓሮ? የዘሩን ወረቀት አሳየኝ ማለት ነውር የለበትም።

ወረቀት ከሌለ መደቡን እዩ። ከአንድ እናት የወረደ ንጹሕ ዘር አንድ ወጥ ነው፦ የቀንበጡ ቀለም፣ የቅጠሉ ስፋት፣ በአንጓዎች መካከል ያለው ርቀት ይመሳሰላል። በአንድ መደብ ላይ ነሐስማና አረንጓዴ ቀንበጥ ተቀላቅሎ ካያችሁ፣ ወይም አንዱ ጠበብ ብሎ ሌላው ሰፋ ብሎ ካደገ፣ የተለጠፈው ቁጥር ምንም ይሁን ምን ቅልቅል ነው።

ከዚያ ወደ ሥሩ። ከመደቡ መሃል አንድ ችግኝ አንሱና ፕላስቲኩን ቅደዱት፤ ሻጩ ካኮረፈ ዋጋውን ክፈሉት። ዋናው ሥር ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ዘሩ መጀመሪያ መደብ ላይ በቅሎ ኋላ ወደ ፕላስቲክ ሲዛወር ጉድጓዱ ጥልቀት ካነሰው ሥሩ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። እንዲህ ያለው ችግኝ ሁለት ሦስት ዓመት ምንም ሳይመስል ያድጋል። የመጀመሪያው ትልቅ ምርት ሲመጣ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ በደረቁ ወራት ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቅርንጫፉ ከጫፉ ይደርቃል፣ ገበሬውም በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል። ጅማ ላይ «ምርጥ ዘሩ አልሠራም» ከሚባለው ብዙው የዘሩ ሳይሆን የታጠፈው ሥር ጥፋት ነው ብንል አንሳሳትም።

የቀረውን በዓይን መጨረስ ይቻላል። ስድስት እስከ ስምንት ጥንድ ቅጠል ያለው ይበቃል፤ ቅርንጫፍ ማውጣት የጀመረ ትልቅ ችግኝ ግርማው ያታልላል እንጂ ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ተጠምጥሟል። ቅጠሉ ላይ መሃሉ ነጣ ያለ ቡናማ ክብ ነጠብጣብ ካለ አፈሩ ምግብ አንሶታል ወይም ዳሱ ቶሎ ተነሥቷል ማለት ነው። ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርዶ ወይም እንግጫ ከበቀለ አትውሰዱት፤ በአንድ ችግኝ የገባ ሰርዶ ማሳውን ሲያለብስ ዓመት አይፈጅበትም። በመጨረሻም ዳሱ መቼ እንደሳሳ ጠይቁ። ከመተከሉ በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀስ በቀስ ፀሐይ ያልለመደ ችግኝ ማሳ ላይ ቅጠሉ ይቃጠላል።

አባቡና እ.ኤ.አ. በ1998 የተለቀቀ ዲቃላ ነው። ሁለት የተለያዩ ወላጆች ሲዳቀሉ የመጀመሪያው ትውልድ ከሁለቱም ይበረታል። በማዕከሉ ማሳ ላይ በሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ ንጹህ ቡና የሰጠ ዘር ነው፤ የገበሬው ማሳ አማካይ ግን ከ6 እና 7 ኩንታል ብዙም አይዘልም። ለመካከለኛ ከፍታ፣ ማለትም እንደ ጅማ ከተማ ዙሪያና እንደ ጎማ ላሉ ቦታዎች የታሰበ ነው። ወደ ጌራ ከፍታ ወስዶ ያንኑ ምርት መጠበቅ አይገባም።

ችግሩ ዘሩ ሳይሆን ገበያው ነው። ዲቃላ የሚገኘው በእጅ ነው። የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ ጥሎ አበባው ሊፈነዳ ሲቃረብ ከእናቲቱ እምቡጥ ላይ የወንዴው ክፍል ይነሣል፣ ቅርንጫፉ በከረጢት ይሸፈናል፣ በማግስቱ የአባትየው ብናኝ ይነሰነስበታል። አንድ አበባ የሚሰጠው አንድ ፍሬ፣ ፍሬውም ሁለት ዘር ብቻ ነው፤ ቡና ደግሞ አብቦ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በየመንገዱ በሺህ አይደረደርም። መንገድ ዳር «አባቡና» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከአባቡና ዛፍ ላይ የተለቀመ ዘር ነው፤ ያ ሁለተኛ ትውልድ ነው። ሁለተኛው ትውልድ ይበታተናል፦ ጥቂቱ እናቱን ይመስላል፣ ጥቂቱ አባቱን፣ የቀረው የትኛውንም አይመስልም፤ ምርቱም ይወርዳል፣ በሽታ መቋቋሙም በየዛፉ ይለያያል።

ትክክለኛው አባቡና በቁርጥራጭም ይባዛል። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ቁርጥራጩ ከየት እንደተወሰደ ነው። ሽቅብ ከሚያድገው ቀንበጥ የተወሰደ ቀጥ ያለ ዛፍ ይሆናል፤ ወደ ጎን ከሚሄደው ቅርንጫፍ የተወሰደ ግን ዕድሜውን ሁሉ ወደ ጎን ሲንፏቀቅ ይኖራል። በቁርጥራጭ የተባዛ ችግኝ እንደ ዘር በቃዩ አንድ ወፍራም ዋና ሥር ስለሌለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረቅ ወቅቶች ጉዝጓዝ ካልለበሰ ይቸገራል። ባጠቃላይ አባቡና ለሚያውቀውና ማዳበሪያም ጉልበትም ላለው ሰው ከአምስት አራት፤ መንገድ ዳር ያለ ማስረጃ ለሚገዛው ግን አንድም አይገባውም።

ወደ 74ቶቹ እንመለስ፤ የሚያስመሰግኑትንም የሚያስወቅሱትንም እንጨርስ። የፍሬ በሽታውን መቋቋማቸው በአንድ ጂን ላይ የተንጠለጠለ ስላልሆነ ከ40 ዓመት በላይ ሳይሰበር ቆይቷል። «ይቋቋማል» ማለት ግን «አይነካውም» ማለት አይደለም፤ እርጥብ ዓመት ላይ ጥቂት የጠቆረ ፍሬ ማየት ያለ ነው። ቡናን ከነግንዱ ለሚያደርቀው በሽታ ግን ይህ ቁጥር ዋስትና አይሰጥም። እሱ የሚገባው በቁስል ነው፤ አረም ሲመነጠር ገጀራ የላጠው ግንድ በሩን ይከፍትለታል። ግንዱ ሥር ያለውን አረም በእጅ ንቀሉ። አንድ ዛፍ በበሽታው ከደረቀ እዚያው ነቅላችሁ አቃጥሉ፤ እየጎተታችሁ ማሳውን አታቋርጡ፤ ጉድጓዱንም ሁለት ዓመት ያህል ሳትተክሉበት ቆዩ።

ሻጮች «ጥላ አይፈልግም» ሲሉ አትመኑ። 74110 ቁመቱ አጠር፣ አክናዱ ጠበብ ያለ ስለሆነ በ2 በ2 ሜትር፣ በሄክታር 2,500 እግር ይተከላል። ያለ ጥላ ሲሆን በአንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ ያፈራል፣ ቅርንጫፉ ከጫፉ ይደርቃል፣ በቀጣዩ ዓመት ባዶውን ይቆማል። ሰሳና ብርብራ አፈሩንም ስለሚያበለጽጉ ይመረጣሉ፤ ዋንዛም ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ አጠገብ ግን ምንም ዓይነት ችግኝ አያድነውም። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በበጋው ይቆፈር፤ የላይኛው ጥቁር አፈርና የታችኛው ለየብቻ ይቀመጥ፤ ከመትከያው ሁለት ሦስት ወር በፊት ጥቁሩ አፈር ሁለት አካፋ ያህል ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ተደባልቆ ይመለስበት። አባቡና ክንዱ ሰፋ ስለሚል 2.5 በ2 ሜትር ስጡት።

ወቀሳው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ የተተከለበት ማሳ ማለት በአንዲት እናት ልጆች የተሞላ ማሳ ነው። ነገ አዲስ በሽታ ቢመጣ አንዱን የጣለው ሁሉንም ይጥላል። አራት ቁጥር ቀላቅያለሁ የሚለውም ቢሆን 74110፣ 74112፣ 74158 እና 74165 ሁሉም ቢሻሪ የተገኙ መሆናቸውን ያስታውስ። ለግማሽ ሄክታር 1,250 እግር ያስፈልጋል። 900 ያህሉን ለሦስት ለአራት ቁጥር በየረድፉ አካፍሉ፤ የቀረውን ከሌላ አካባቢ ለተገኘ ዘር፣ ወይም በራሳችሁ ቀበሌ በሽታውን ተቋቁሞ ለኖረ ነባር ቡና ተዉት።

ወፍ ዘራሹን አትንቀሉ ያልነውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በለጠ ጌራን በመሰለ ጫካ ውስጥ ዛፍ እየሳሳ፣ ከሥሩ ያለው ወፍ ዘራሽ እየተመነጠረ፣ በቦታው 74110 ሲገባ ምርት ይጨምራል፤ ይህን መካድ አይቻልም፣ የጫካ ቡና በሄክታር የሚሰጠው እጅግ ጥቂት ነው። ግን 74110ን ራሷን የሰጠው እንዲህ ያለ ያልተነካካ ቡና ነበር፤ የምርጡ ዘር ብናኝም በንብ እየተጓዘ የቀረውን የጫካ ቡና ይበርዘዋል። የዱር አረቢካ ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዕፅዋት ተርታ ተመዝግቧል። ችግኝ ጣቢያ ላይ ወፍ ዘራሽ መግዛት ለገዢውም አይጠቅም፦ ሥሩ ሲነቀል ተጎድቷል፣ የፍሬ በሽታን መቻል አለመቻሉን የፈተነው የለም። ከአምስት ዜሮ፤ ቡናው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ቦታው ፕላስቲክ ውስጥ ስላልሆነ።

ስለ ጣዕም የሚነሣው ክርክር ግማሹ ከንቱ ነው። የውጭ ቡና ቆዪዎች ዛሬ 74110፣ 74112 እና 74158 የሚሉትን ቁጥሮች ከረጢታቸው ላይ ጽፈው በክብር ይሸጣሉ። እዚህ ሲኒ ላይ «ምርጥ ዘር አይጥምም» የሚያሰኘው አረንጓዴውንና ቀዩን ቀላቅሎ መልቀም፣ መሬት ላይ ማስጣትና ሳይደርቅ መከመር ነው። ደም የመሰለውን ብቻ ልቀሙ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የማስጫ አልጋ ላይ በስሱ አስጡት፣ እርጥበቱ 11 እስከ 12 በመቶ እስኪደርስ እያገላበጣችሁ አድርቁ፤ ከዚያ በኋላ ዘሩን ውቀሱ።

ሊገዙ ለተነሡ፦ ከሚያስፈልጋችሁ አንድ አሥረኛ ያህል ጨምራችሁ ያዙ። ማታውን ውኃ አጠጥታችሁ በማግስቱ ጠዋት ጫኑ፤ ቁልል አድርጋችሁ ሳይሆን ቁመው ይጓዙ፣ ነፋሱንም በሸራ ከልሉት። በሰኔ አጋማሽ መሬቱ በደንብ ሲርስ፣ ደመናማ ቀን መርጣችሁ ትከሉ። የፕላስቲኩን ታች በሁለት ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፣ ከዚያ ጎኑን ሰንጥቃችሁ አውጡ፤ ፕላስቲኩን ጉድጓድ ውስጥ አትተዉ። ግንዱ መደብ ላይ ከነበረበት በላይ አይቀበር። እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያልያዘውን በተጠባባቂው ተኩ፤ መስከረም ላይ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ሳይሰድ በጋው ይደርስበታል።