ፒኤስኤ እንደገና ሲጨምር፦ ሲቲ፣ የአጥንት ስካን፣ ኤምአርአይ ወይስ ፒኤስኤምኤ ፔት?

አባቴ ለካንሰር ፕሮስቴታቸውን በቀዶ ሕክምና ካስወጡ ወዲህ፣ በድሬዳዋም ሆነ በሐረር አባት ወይም አጎት የታመመበት ወዳጅ ሁሉ ይደውልልኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ፒኤስኤ (የፕሮስቴት ሕዋሳት የሚያመነጩት፣ በደም ምርመራ የሚለካ ፕሮቲን) እንደገና መጨመር ጀምሯል፤ ካንሰሩ የት እንዳለ ለማወቅ የትኛውን ምርመራ እናሠራ? አቅማችሁ ከፈቀደና ሐኪማችሁ ከተስማማ፣ ገንዘባችሁን በሲቲና በአጥንት ስካን ሳትጨርሱ ለፒኤስኤምኤ ፔት (በደም ሥር የተሰጠ ጨረር አመንጪ መድኃኒት የተከማቸበትን ቦታ ለሚያሳየው የምስል ምርመራ) አስቀምጡት እላለሁ። እኛ በተቃራኒው ሄደን ብዙ ከስረናል።

የአባቴ ፒኤስኤ በሚሊ ሊትር 0.7 ናኖግራም ሲደርስ፣ ዋጋው ስለቀለለን በመጀመሪያ የሆድና የዳሌ ሲቲ አሠራን፤ ምንም አላሳየም። ቀጥለን ለአጥንት ስካን አዲስ አበባ ሄድን። እሱ ደግሞ ጎድናቸው ላይ አንድ ነጥብ አሳይቶ ቤተሰቡን ሁሉ እንቅልፍ ከነሳ በኋላ፣ ነጥቡ የድሮ ስብራት ሆኖ ተገኘ። የሁለት ሰው የደርሶ መልስ ትኬት፣ የአልጋ፣ የምግብና የታክሲ ወጪ ሲደመር፣ ርካሽ ብለን የመረጥነው የምርመራ ክፍያ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነበር። ጥፋቱ የማሽኖቹ አይደለም። ሲቲ ሊምፍ ኖድን (ንፍፊትን) የሚጠረጥረው በመጠኑ ስለሆነ፣ ካንሰር የያዘው ኖድ ገና ትንሽ ከሆነ ያልፈዋል፤ የአጥንት ስካንም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ፒኤስኤ ከ10 በታች ሳለ ካንሰር የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። ፒኤስኤው ከፍ ላለ ወይም አጥንቱን ለሚያመው ሰው ግን ዛሬም ይጠቅማል።

ፒኤስኤምኤ በአብዛኛው የፕሮስቴት ካንሰር ሕዋስ ገጽ ላይ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ጋሊየም 68 ወይም ፍሎሪን 18 የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የያዘው መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ሄዶ ከፕሮቲኑ ጋር ስለሚጣበቅ፣ በመጠን ገና ያላደገ ኖድ እንኳ በምስሉ ላይ ሊያበራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በ635 ሕመምተኞች ላይ የወጣ ጥናት፣ ፒኤስኤ ከ0.5 በታች ሲሆን በ38 በመቶው፣ ከ0.5 እስከ 1 ባለው በ57 በመቶው፣ ከ1 እስከ 2 ባለው በ84 በመቶው፣ 5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ በ97 በመቶው ላይ ካንሰሩ ያለበትን ቦታ እንዳሳየ ዘግቧል።

ዋጋውን በሚመለከት ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ሂሳቡ የሚጠየቀው በዶላር ነው። እኛ ስናመነታ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደረሰ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ለፔቱ ሕንድ ለመሄድ ያጠራቀምነው ገንዘብም ከግማሽ ብዙም ያልበለጠ ዋጋ ቀረው። ሁለተኛ፣ «ፔት» የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። አንድ ደላላ በርካሽ ያቀረበልን ኤፍዲጂ የሚባለው፣ በስኳር የሚሠራው ፔት ነበር፤ ለብዙ ሌሎች ካንሰሮች ጥሩ ቢሆንም፣ አብዛኛው የፕሮስቴት ካንሰር ስኳር እምብዛም ስለማይወስድ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። ፍሉሲክሎቪን በተባለ ሌላ መድኃኒት የሚሠራው ፔትም ቢሆን፣ ፒኤስኤያቸው ከ0.2 እስከ 2 በሆነ 50 ሰዎች ላይ ከፒኤስኤምኤ ጋር ሲነጻጸር ካንሰሩን ያገኘው በ26 በመቶው ነው፤ ፒኤስኤምኤ በ56 በመቶው አግኝቷል። ስለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ስም በጽሑፍ ሳይላክላችሁ ቀብድ አትክፈሉ።

ለፔት አቅም ለሌለው ሰው ኤምአርአይ ከሲቲ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በተለይ ካንሰሩ ፕሮስቴቱ በነበረበት ቦታ ላይ ያገረሸ እንደሆነ። ነገር ግን ማሽኑ 1.5 ቴስላ (የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአነስተኛ ቴስላ ማሽን ያሠራ ጎረቤታችን «ግልጽ አይደለም» የሚል ሪፖርት ተቀብሎ እንደገና ለመክፈል ተገዷል።

ፔቱ ባዶ ቢሆን ካንሰሩ የለም ማለት እንዳልሆነ ግን አደራ እላችኋለሁ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጠው ጨረር ፒኤስኤ ዝቅ ባለበት ጊዜ የተሻለ ስለሚሠራ፣ ምስል እስኪገኝ ብላችሁ ሕክምናውን አታዘግዩ። የሆርሞን መርፌም ምስሉን ሊለውጠው ስለሚችል፣ መርፌው ከምርመራው በፊት ይሁን በኋላ ሐኪሙን ጠይቁ።

የአባቴ ፔት ዳሌያቸው ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር የሆነች አንዲት ኖድ አሳየ፤ የጨረሩም ዕቅድ እርሷን እንዲያካትት ተደረገ። በዚያን ጊዜም የተሰጠን ሲዲ አልከፈት ብሎ፣ በስልክ ያነሳናቸው የፊልም ፎቶዎች ደግሞ ለዕቅዱ ስለማይሆኑ፣ ሙሉው ፋይል እስኪላክልን አሥራ አንድ ቀን ጠብቀናል። ሲዲውን ከማዕከሉ ሳትወጡ በሌላ ኮምፒውተር አስከፍታችሁ እዩ፤ በፍላሽም አስገልብጡ።